ዘይቱ ሻንጣ ውስጥ ነበር፦ ስለ ሞተር ሳይክል አውቶማቲክ የካቴና ዘይት ማጠጫ

(በፋኩልቲያችን ሕዝባዊ የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ)



የንግግሬ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ሦስት ሰዎች ኮሪደር ላይ አስቁመው «እውነት ስለ ካቴና ነው የምትናገረው?» ሲሉ ጠይቀውኛል። አዎን፣ ስለ ካቴና ነው። በመማሪያ መጻሕፍት ሰንሰለት የምንለውን፣ ጋራዥ ስንገባ ግን ሁላችንም ካቴና ብለን የምንጠራውን፣ የሞተሩን ጉልበት ከማርሽ ሳጥኑ ተቀብሎ ለኋላ ጎማ የሚያደርሰውን ክፍል ማለቴ ነው። እንዲያውም ከዚያ በጠበበ ጉዳይ ላይ አተኩራለሁ፤ የሰው እጅ ሳይነካው በካቴናው ላይ ዘይት በሚያንጠባጥብ አንድ ትንሽ መሣሪያ ላይ።

ጉዳዩ ለእኔ በቤተ ሙከራ አልተጀመረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በክረምቱ ማብቂያ ገደማ፣ ታናሽ ወንድሜ ከሞተር ሳይክል ወድቆ ሐኪም ቤት መግባቱን በስልክ ሰማሁ። ወንድሜ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ከቀበሌ ቀበሌ የሚዘዋወረው በሞተር ሳይክል ነው። ቁልቁለት ሲወርድ ካቴናው ከጥርሱ ወጣ፤ ወጥቶም አልቀረ፣ በፊተኛው ጥርስና በሞተሩ አካል መካከል ተወሸቀ። የኋላ ጎማው በድንገት ቀጥ አለ። ወንድሜ ከነሞተሩ ጠጠር ላይ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ቀኝ እግሩም ተሰበረ።

ሞተር ሳይክሉን ኋላ ሄጄ አየሁት። ካቴናው በዝገት ቀልቶ ነበር። በጣቴ ስጎትተው ከኋለኛው ጥርስ ላይ እንደ ላላ ቀበቶ ተነሣልኝ። ከወንድሜ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ፣ ቁጣም ሐዘንም በተቀላቀለበት ድምፅ፣ «ምነው፣ ዘይት አታጠጣውም ነበር?» አልሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰና «ጋሼ፣ ዘይቱ’ኮ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር» አለኝ።

ለሃያ ዓመታት ያህል ስለ ሰበቃና ስለ ማለስለሻ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ይህን ዐረፍተ ነገር የሚመልስ አንድም ቀመር በማስተማሪያ ማስታወሻዬ ውስጥ አላገኘሁም። ወንድሜ ዕውቀቱ ነበረው፤ ዘይቱም ነበረው። የጎደለው በዕውቀቱና በካቴናው መካከል ያለው ነገር ነው። የዛሬው ንግግሬ ስለዚያ ክፍተት ነው።

በመጀመሪያ ካቴናው ውስጥ ምን እንደሚካሄድ እንመልከት። ዛሬ የምናውቀውን የቡሽና የሮለር ካቴና የፈጠረው በስዊዘርላንድ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ይሠራ የነበረው ሃንስ ሬኖልድ ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። መሐል ላይ ፒን አለ፤ ፒኑን ቡሽ የሚባል አጭር ቱቦ ያቅፈዋል፤ በቡሹ ላይ ደግሞ በነጻ የሚሽከረከር ሮለር ተጠልቋል። ጥርሱ የሚነካው ሮለሩን ነው። ካቴናው ሲታጠፍና ሲዘረጋ ግን እርስ በርስ የሚፋተጉት ከዐይን የተሰወሩት ፒኑና ቡሹ ናቸው።

«ካቴናው ተለጠጠ» ስንል ብረቱ እንደ ላስቲክ የረዘመ ይመስለናል። የረዘመው ብረቱ አይደለም፤ በየመገጣጠሚያው ፒንና ቡሽ ተበልተው ክፍተቱ ሰፍቷል እንጂ። በአንድ መገጣጠሚያ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ቢበላ ማንም አያየውም። ካቴናው 118 መገጣጠሚያዎች ካሉት ግን ድምሩ 11.8 ሚሊሜትር ይሆናል። በአነስተኛ ሞተር ሳይክሎች ላይ በብዛት የሚገጠመው ባለ 428 ቁጥር ካቴና ከፒን እስከ ፒን ያለው ርቀት 12.7 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ማንም ያላየው መበላት ተደምሮ አንድ ሙሉ ዐይን ሊጨምር ጥቂት ይቀረዋል ማለት ነው። እንዲህ የረዘመ ካቴና በጥርሱ ጫፍ ላይ ይወጣል፤ ጥርሱንም እየሳለ እንደ መንጠቆ ያጎብጠዋል፤ አንድ ቀን ደግሞ ዘሎ ይወጣል።

ተማሪዎቼ እንዲህ ያለውን ሒሳብ በወረቀት መሥራት ስለምትወዱ አንድ ልጨምርላችሁ። የፊተኛው ጥርስ 14፣ የኋለኛው 42፣ የካቴናው ዐይን 118፣ የኋላ ጎማው ዙሪያ 1.9 ሜትር ነው እንበል። ካቴናው አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር ጎማው 2.8 ጊዜ ያህል መሽከርከር አለበት፤ ይህም 5.3 ሜትር መንገድ ነው። በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ካቴናው 187 ዙር ይዞራል ማለት ነው። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በአንድ ዙር አራት ጊዜ ይታጠፋል ወይም ይዘረጋል፤ ወደ ፊተኛው ጥርስ ሲገባና ሲወጣ፣ ወደ ኋለኛውም ሲገባና ሲወጣ። ስለዚህ እያንዳንዱ ፒን በየኪሎ ሜትሩ 750 ጊዜ ያህል፣ በ100 ኪሎ ሜትር ደግሞ 75,000 ጊዜ ያህል በቡሹ ውስጥ ይፋተጋል። በፊተኛው ጥርስ ላይ የሚታጠፈው ወደ 26 ዲግሪ፣ በኋለኛው ላይ ወደ 8.6 ዲግሪ ነው። ትንሹ የፊት ጥርስ ካቴናን ቶሎ የሚጨርሰው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ልብ በሉልኝ። በጀርመናዊው መሐንዲስ በሪቻርድ ሽትሪቤክ ስም የሚጠራውን ኩርባ ስናስተምር፣ አንድ ዘንግ በመሸከሚያው ውስጥ በፍጥነትና ያለማቋረጥ ሲሽከረከር በዘይት ንጣፍ ላይ ይንሳፈፋል፤ ብረትም ብረትን አይነካም እንላለን። የካቴና ፒን ግን እንዲህ አይሽከረከርም። ጥቂት ዲግሪ ይታጠፋል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። በየእጥፋቱ ፍጥነቱ ዜሮ ላይ ስለሚያርፍ የዘይቱ ንጣፍ ተሟልቶ አይዘረጋም፤ ብረት ከብረት ጋር በቅርብ ይተያያል። ስለዚህ ለካቴና ወሳኙ አንድ ቀን የተትረፈረፈ ዘይት ማግኘቱ አይደለም። ጥቂት ዘይት ሁልጊዜ መኖሩ ነው የሚያድነው።

አሁን ደግሞ እኛ የምናደርገውን እንይ። መመሪያ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ ካቴናን በየ500 ወይም በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት አጠጡ ይላሉ። በዝናብ ከተነዳም ወዲያውኑ። በተግባር የሚሆነው ሌላ ነው። አንድ እሑድ ጠዋት ካቴናው ዘይት እስኪንጠባጠብ ይጠጣል፤ በማግስቱ ትርፉ ተፈናጥሮ በጎማና በሱሪ ላይ ያርፋል፤ በሳምንቱ ደርቋል፤ ከዚያ በኋላ ለወር ማንም አያስታውሰውም። ካቴናው ከጥጋብ ወደ ረኀብ፣ ከረኀብ ወደ ጥጋብ ሲመላለስ ይኖራል፤ የሚበላውም በረኀቡ ጊዜ ነው።

በዚያ ላይ ብዙዎቻችን የምንቀባው የተቃጠለ ዘይት ነው። ከሞተር የወጣ ዘይት ርካሽ ነው፤ ብዙ ጊዜም በነጻ ይገኛል። ነገር ግን በውስጡ የሞተሩን የብረት ብናኝ፣ ጥቀርሻና አሲድ ይዟል፤ ከቆዳ ጋር አዘውትሮ መነካካቱም ለጤና አደገኛ ነው። ወፍራም ግራሶ የሚለቀልቁም አሉ። ግራሶው ውጩን ሸፍኖ አቧራ ይሰበስባል እንጂ በሁለቱ ሳህኖች መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት አልፎ ፒኑ ጋ አይደርስም። ከውጭ የሚያየው ሰው ካቴናው በቅባት ርሷል ይላል፤ ውስጡ ግን ደረቅ ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው እንዲህ ይሆናል፦ ጥቂት፣ ግን ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ማን ይስጥ? ይህ ጥያቄ ከሞተር ሳይክል በፊት የነበረ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንፋሎት ባቡሮች ሞተራቸው ዘይት እንዲጠጣ በየጊዜው መቆም ነበረባቸው፤ ዘይት ቀቢ የሚባል ሠራተኛም ነበራቸው። ኤላይጃ ማኮይ ከእነዚህ ሠራተኞች አንዱ ነበር። ወላጆቹ ከአሜሪካ ባርነት አምልጠው ካናዳ የገቡ ናቸው። እርሱም በስኮትላንድ በኤደንብራ የሜካኒካል ምሕንድስና ሥልጠና ወስዶ ወደ አሜሪካ ቢመለስ፣ በቆዳው ቀለም ምክንያት የመሐንዲስነት ሥራ አላገኘም። በሚሺጋን የባቡር መሥመር ላይ እሳት አንዳጅና ዘይት ቀቢ ሆኖ ተቀጠረ። እ.ኤ.አ. በ1872 ባቡሩ ሳይቆም ዘይት የሚያደርስ መሣሪያ ሠርቶ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ የምነግረው በምክንያት ነው። መፍትሔውን ያገኘው የዘይት ጣሳውን በእጁ ይዞ የሚዞረው ሰው ነው። ከእጁ መዘንጋት ማን ምን እንደሚከተል ከእርሱ በላይ ያውቃል?

በሞተር ሳይክል ታሪክም ጉዳዩ ልዩ ልዩ መልስ አግኝቷል። ቢ.ኤም.ደብሊው እ.ኤ.አ. በ1923 የመጀመሪያ ሞተር ሳይክሉን ሲያወጣ ካቴናውን ትቶ በዘንግ ተጠቀመ፤ ችግሩ ተወገደ፣ ክብደትና ዋጋ ግን ተጨመረ። ሆንዳ በ1958 ባወጣው ሱፐር ከብ ላይ ካቴናውን ሙሉ በሙሉ በላሜራ ሸፈነው፤ ጭቃና አቧራ እንዳይገባ በመከልከል የዘይቱን ዕድሜ አራዘመ። ያው ኩባንያ በ1969 በወጣው ሲቢ750 ላይ ደግሞ ከሞተሩ ዘይት ጥቂቱ በማርሽ ሳጥኑ መውጫ ዘንግ በኩል ወደ ካቴናው እንዲደርስ አደረገ። ቀጥሎም በፒኑና በቡሹ መካከል ግራሶ ይዘው በጎማ ቀለበት የታሸጉ ካቴናዎች ተስፋፉ። በ1980ዎቹ በስኮትላንድ ፍሬዘር ስኮት የተባለ ሰው በማንኛውም ሞተር ሳይክል ላይ ሊገጠም የሚችል አውቶማቲክ ማጠጫ ሠራ፤ ስኮትኦይለር የሚለው ስምም ለብዙ አሽከርካሪዎች የመሣሪያው ዓይነት መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ።

አሠራሩን ላስረዳ። አንድ ትንሽ የዘይት ዕቃ አለ፤ ከዚያ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ አለ፤ በቱቦው ጫፍ ደግሞ የኋለኛውን ጥርስ ጎን የሚነካ አፍንጫ አለ። ሞተሩ ሲነሣ በአየር ማስገቢያው በኩል የሚፈጠረው የስበት ግፊት፣ ማለትም ቫኪዩሙ፣ በዕቃው ውስጥ ያለውን ቫልቭ ያነሣል፤ ዘይቱም በራሱ ክብደት ይወርዳል። ሞተሩ ሲጠፋ ቫልቩ ይዘጋል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩም አሉ፤ እነርሱ ጎማው መሽከርከሩን ወይም ሞተሩ መንቀሳቀሱን አውቀው ጠብታውን ይለካሉ። ከሁሉ ቀላሉ ደግሞ አሽከርካሪው በእጁ የሚከፍተውና የሚዘጋው ነው።

አፍንጫው ካቴናውን ሳይሆን የጥርሱን ጎን እንዲነካ የሚደረገው ለምንድን ነው? ቀደም ብዬ ባስቀመጥኋቸው ቁጥሮች በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስንነዳ ካቴናው በሴኮንድ 4.7 ሜትር ያህል ይጓዛል። በኋለኛው ጥርስ ዙሪያ ላይ ያለ የዘይት ጠብታ ከምድር ስበት 26 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ወደ ውጭ ይገፋል፤ በፊተኛው ጥርስ ላይ ወደ 80 ጊዜ ይጠጋል። ዘይቱን በካቴናው ጀርባ ላይ ብናፈስሰው ይኸው ኃይል ወስዶ ይበትነዋል። ከጥርሱ ጎን ብናሳርፈው ግን ኃይሉ ራሱ ተሸካሚ ይሆናል፤ ዘይቱን ከመሐል ወደ ጥርሱ፣ ከጥርሱ ወደ ሮለሩና ወደ ሳህኖቹ ክፍተት ያደርሰዋል። ጠላት የነበረው ኃይል አገልጋይ ሆነ።

መጠኑስ? በተለመደው አነዳድ በደቂቃ 1 ወይም 2 ጠብታ ይበቃል። አንድ ሚሊሊትር ዘይት ከ20 እስከ 30 ጠብታ ይሆናል ብንል፣ በደቂቃ 1 ጠብታ በሰዓት ከ2 እስከ 3 ሚሊሊትር ነው። 50 ሚሊሊትር የሚይዝ ዕቃ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ሰው ከ800 እስከ 1,250 ኪሎ ሜትር ያደርሰዋል። አንድ የቡና ሲኒ የማይሞላ ዘይት ማለት ነው።

እኔም ወንድሜ ከአልጋ ሳይነሣ ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱን ከውጭ አገር አስመጥቼ በራሴ ሞተር ሳይክል ላይ ገጠምሁ። እውነቱን ልናገር፤ የገጠምሁት በምርምር ጉጉት ብቻ አልነበረም። ጥፋቱ የመዘንጋት ከሆነ፣ መዘንጋትን ከሰው ላይ የሚያነሣ መሣሪያ አለ ብዬ ለራሴም ለእርሱም ለማረጋገጥ ፈልጌ ነበር።

የመጀመሪያው ትምህርቴ ከመብዛት መጣ። ጠብታውን የለካሁት በማለዳው ቅዝቃዜ ነበር። ዘይት ሲሞቅ ዝልግልግነቱ ይቀንሳል፤ በቀትር ጠብታው በእጥፍ ፈጥኖ ሲወርድ አላየሁም። የኋላ ጎማዬ በአንድ ጎኑ ርሶ በአደባባይ መዞሪያ ላይ ሲንሸራተት ነው የነቃሁት፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልወደቅሁም። ሞተሩን ሁልጊዜ ወደማሳይባቸው አዛውንት መካኒክ ወሰድሁት። ጎንበስ ብለው ጎማውን በጨርቅ ጠረጉና፣ «ዶክተር፣ ይሄን ዘይት የሚያጠጡት ለካቴናው ነው ወይስ ለአስፋልቱ?» አሉኝ። «ለካቴናው ነበር፣ ጋሼ» አልሁ። «እንግዲያው ካቴናውን ይጠይቁት፤ ሲጠግብ ይነግርዎታል» አሉ። ካቴናው የሚናገረው በጥርሱ ዙሪያ በሚቀረው ቅባት ነው። በጣት ሲነኩት ቀጭን እርጥበት ካለ በቅቶታል፤ በጎማው ጠርዝ ላይ ነጠብጣብ ከታየ በዝቶበታል፤ ሮለሩ ከደረቀና ካበራ ርቦታል።

ከፍታችንም የራሱ ድርሻ አለው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በአየር ማስገቢያው ውስጥ የሚፈጠረው የግፊት ልዩነትም በዚያው ልክ ያንሳል። በዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ መመሪያ የሚሰጠውን ቁጥር እኛ በደጋው እንዳለ መቀበል የለብንም፤ ሰዓት ይዘን ጠብታ መቁጠር አለብን።

ሁለተኛው ትምህርቴ የከፋ ነው፤ ለዚህ ንግግር ያበቃኝም እርሱ ነው። መጠኑን ካስተካከልሁ በኋላ መሣሪያው ለወራት በሚገባ ሠራ። ካቴናዬ ንጹሕና ጸጥተኛ ሆነ፤ ማጥበቅ እንኳ እምብዛም አላስፈለገኝም። ለሚጠይቀኝ ሁሉ አወራሁ። ከዚያ አንድ ቀን ከኋላዬ የመንጫጫት ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ ሳይ ካቴናው ደርቋል፤ ጠርዙ ዝገት ጀምሮታል። የዘይቱ ዕቃ ባዶ ነበር። ባዶ ከሆነ ስንት ሳምንት እንደሆነው ማወቅ አልቻልሁም፤ ምክንያቱም ያን ሁሉ ጊዜ ካቴናውን አንድም ቀን አላየሁትም። ቀድሞ በእጄ ሳጠጣ፣ አልፎ አልፎም ቢሆን፣ ጎንበስ እል ነበር፤ ሳጎነብስም የላላ ቡሎን፣ የተበላ ጥርስ፣ የጎበጠ ሳህን አያለሁ። መሣሪያው ዘይት የማጠጣቱን ሥራ ሲወስድልኝ የማየቱንም ሥራ አብሮ ወሰደው። ማየቱን ግን እርሱ አይሠራውም።

ዘይት የሞላ ጠርሙስ በቤቴ ውስጥ፣ በመደርደሪያዬ ላይ ነበር። ወንድሜን «ዘይት አታጠጣውም ነበር?» ብዬ የጠየቅሁበት ድምፄ ትዝ አለኝ፤ አፈርሁም። የቀረበለት መሣሪያ ሁሉ የነበረው፣ የዶክትሬት ዲግሪ ያለው ሰው፣ በጠፍ መንገድ ከሚደክመው ወንድሙ በምንም አልተሻለም። ልዩነቱ የእኔ ካቴና ቁልቁለት ላይ አለመሆኑ ብቻ ነው።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው። አውቶማቲክ ማጠጫ ሰው በባሕርዩ ደካማ የሆነበትን ሥራ፣ ማለትም ጥቂቱን ሁልጊዜ መስጠትን፣ ከሰው በተሻለ ይሠራዋል። ስለዚህ ጠቃሚ ነው፤ እኔም አልጣልሁትም። ነገር ግን ትኩረትን አያስቀርም፤ ቦታውን ያዛውረዋል እንጂ። ትናንት ካቴናው ላይ የነበረው ዐይን ዛሬ የዘይቱ ዕቃ ላይ መሆን አለበት። መሣሪያውን የሚሠራው መሐንዲስ ደግሞ ያ ዐይን የሚያርፍበትን ቦታ አብሮ መሥራት ግዴታው ነው። በእንፋሎቱ ዘመን ብዙዎቹ የዘይት ማጠጫዎች የሚወርደውን ጠብታ የሚያሳይ መስታወት ነበራቸው። የዚያ ዘመን ሰዎች ይህን ያደረጉት ለጌጥ አልነበረም።

ተቃውሞዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሦስቱን ላንሣ። አንደኛው የአቧራ ነው። በደረቅ አቧራማ መንገድ ላይ እርጥብ ካቴና አቧራ ይሰበስባል፤ ዘይትና ደቃቅ አሸዋ ሲቀላቀሉ እንደ ሞረድ ይበላሉ። ይህ እውነት ነው። ቀጭን ዘይት በመጠኑ ሲወርድ ግን ቆሻሻውን እያጠበ ይዞት ይወጣል፤ የሚያደላድለው መብዛቱና መወፈሩ ነው። የእኔ ልማድ ካቴናው በጎማ ቀለበት የታሸገ ከሆነ በከባድ አቧራ ውስጥ ጠብታውን መዝጋት፣ ወደ አስፋልት ስወጣ ወይም ዝናብ ሲጀምር መክፈት ነው። ሁለተኛው «የታሸገ ካቴና ዘይት ምን ያደርግለታል?» የሚል ነው። ፒኑ የራሱ ግራሶ አለው፤ ሮለሩና ጥርሱ ግን አሁንም ይፋተጋሉ፣ ሳህኖቹ ይዝጋሉ፣ የጎማ ቀለበቶቹም ይደርቃሉ። በገጠራችን ብዙ የሚታየው አነስተኛ ሞተር ሳይክል ላይ ያለው ያልታሸገ ካቴና ሲሆን ደግሞ ጥቅሙ እስከ ፒኑ ይደርሳል። ሦስተኛው ዘይቱ መጨረሻው መሬት ነው የሚል ነው። እውነት ነው፤ የወረደው አይመለስም። መልሱም ከመጠኑ ላይ ነው፤ ጠብታ እንጂ ፍሳሽ መሆን የለበትም፤ የተቃጠለ ዘይት ደግሞ ፈጽሞ መሆን የለበትም።

ለምትገጥሙት ሰዎች ጥቂት ምክር ልተው። አፍንጫው በጠንካራ ማሠሪያ ይታሠር፤ ተፈትቶ ወደ ጥርሱ ከገባ የሚያስከትለው ጉዳት ከደረቅ ካቴና ይብሳል። መሣሪያው ከመገጠሙ በፊት ካቴናው በነጭ ጋዝና በብሩሽ ይታጠብ፤ በቆሻሻ ላይ ዘይት ማንጠባጠብ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ መሸኘት ነው። ካቴናን ስታጥቡ ወይም ስትነኩ ሞተሩ ይጥፋ፤ ጎማውን በእጃችሁ አዙሩት። ሞተር አስነሥቶ በማርሽ እያዞሩ ካቴና መጥረግ ጣት ያስቆርጣል። ነዳጅ በሞላችሁ ቁጥር የዘይቱን ዕቃ እዩ፤ ሁለቱን ተግባር አንድ ላይ እሰሩ፤ ነዳጅ መሙላትን ማንም አይረሳምና።

በመጨረሻ ወደ ሐኪም ቤቱ ልመለስ። ወንድሜ ተኝቶ ሳለ ከራሱ በላይ ጉሉኮስ ተሰቅሎ ነበር። ያም ጠብታ ነው፤ ያም በራሱ ይወርዳል። ሆኖም በየተወሰነ ጊዜ አንዲት ነርስ ትመጣና ሰዓቷን እያየች ጠብታውን ትቆጥር ነበር፤ አንዳንዴ ታጠብቀዋለች፣ አንዳንዴ ታላላዋለች፣ ሳታየው ግን አትሄድም። ያን ጊዜ አልገባኝም። የዘይቱ ዕቃዬ ባዶ ሆኖ ሳገኘው ነው የታወሰችኝ።

በዘንድሮው የመመረቂያ ሥራ ላይ ለሦስት ተማሪዎቼ የሰጠሁት ጥያቄ ከእርሷ የመጣ ነው። በአገር ውስጥ በሚገኝ ዕቃ፣ ማንኛውም የወረዳ መካኒክ ሊጠግነው በሚችል አሠራር፣ ጠብታው በግልጽ መስኮት የሚታይ፣ ዘይቱ ሲያልቅም አሽከርካሪው ሳያጎነብስ እንዲያውቅ የሚያደርግ ማጠጫ ሥሩ ብያቸዋለሁ። የመጀመሪያው ሞዴላቸው ዘይት ያፈስሳል፤ ሁለተኛው በቅዝቃዜ ይዘጋል። ሦስተኛውን በሚቀጥለው ወር በወንድሜ ሞተር ሳይክል ላይ እንገጥመዋለን። እርሱ እግሩ ድኖ ወደ ሥራው ተመልሷል፤ ቁልቁለቱንም በየሳምንቱ ይወርደዋል። መሣሪያውን ሳሳየው ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፣ «ጋሼ፣ መስኮቱን ከወንበሩ ላይ ሆኜ በማየው በኩል አድርጉልኝ» አለኝ።

ከአንድ ሰዓት ንግግሬ የሚበልጠውን ቁም ነገር እርሱ የተናገረው ይመስለኛል።